ለዊልሎክ ጠመንጃ ፓይራይት መምረጥና መቅረጽ

ዊልሎክ ጠመንጃ ያለው ሰው እሳት እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መሣሪያውን ነው። ሞላው ደክሟል ይላል። መንኮራኩሩ ተበልቷል ይላል። ባሩዱን እርጥበት ነክቶታል ይላል። ብልጭታ የሚሰጠውን ድንጋይ፣ ፓይራይቱን፣ የሚጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ግን ከድንጋዩ ጀምሩ ባይ ነኝ። ድንጋዩ መናኛ ከሆነ ወይም መንጋጋው ውስጥ ተንሻፎ ከተቀመጠ፣ የኑረምበርግ አንጥረኛ እጁን ታጥቦ የሠራው መሣሪያም ቢሆን ቀጭ ብሎ ዝም ይላል።

ስለ ዊልሎክ ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። በ1500ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመንና በሰሜን ጣሊያን ብቅ ያለ የጠመንጃ መለኮሻ ነው። ከዚያ በፊት ጠመንጃ የሚለኮሰው ቀስ እያለ በሚጨስ ክር ነበር። ክሩ ዝናብ ይጠላል፣ በሌሊት ያለበትን ሰው ያጋልጣል፣ ፈረስ ላይ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ዊልሎክ ይህን ሁሉ አስቀረ። ጠርዙ የተቦረቦረ የብረት መንኮራኩር በቁልፍ ተጠምዝዞ በሞላ ይወጠራል። ምላጩ ሲሳብ መንኮራኩሩ ተፈትልኮ ይሽከረከራል። ከላይ በክንድ ጫፍ ባለ መንጋጋ የተያዘው ፓይራይት ይጫነዋል፤ ብልጭታው ትንሿ ሳህን ላይ የተደረገውን ባሩድ ይለኩሳል። የሲጋራ ላይተር ካያችሁ አሠራሩን አይታችኋል፤ ልዩነቱ ድንጋዩ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዊልሎክ በኋላ በመጣው የባልጩት ጠመንጃ ላይ ጠንካራው ባልጩት ብረቱን ይልጠዋል፤ የሚነደው የብረቱ ፍቅፋቂ ነው። በዊልሎክ ነገሩ ይገለበጣል። መንኮራኩሩ ድንጋዩን ይፍቃል፤ የሚነደው ድንጋዩ ራሱ ነው። ፓይራይት የብረትና የድኝ ውህድ ስለሆነ ሲፋቅና ሲግል ይቀጣጠላል። ስለዚህ ድንጋዩ አላቂ ዕቃ ነው። እየተኮሳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ያጥራል፣ ይሸረፋል፣ መልኩን ይለውጣል። አንድ ድንጋይ ገዝቶ ዕድሜ ልክ መገላገል የለም።

ከዚሁ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ አለ። ፓይራይት ጠፋ ብላችሁ ባልጩት እንዳትሰኩ። የባልጩት ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ 7 ገደማ ነው፤ የፓይራይት ከ6 እስከ 6.5። ባልጩቱ የመንኮራኩሩን ቦረቦር ይበላዋል። ድንጋይ በጥቂት ገንዘብ ይተካል፤ መንኮራኩር ግን አስቀርጾና አጠንክሮ እንደገና መግጠም ኪስ የሚያራቁት ሥራ ነው።

ሕጉንም እንለፈው አልልም። ጀርመን ያላችሁ፣ እንዲህ ያለውን በብልጭታ የሚለኮስ ጥንታዊ ዓይነት መሣሪያ አዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ሊገዛው ይችላል። ባሩዱን ለመግዛትና ለመያዝ ግን የፈንጂ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ «የድሮ ዕቃ ነው» ብሎ ነገር አያዋጣም፣ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ድንጋዩን መሰብሰብና መቅረጽ ግን ጠመንጃ ባይኖራችሁም የሚሠራ ነገር ነው።

መጀመሪያ፦ ድንጋዩን ማግኘት

ቀላሉ መንገድ መግዛት ነው። ትልልቅ የማዕድን ባዛሮች አሉ። አሪዞና ውስጥ በቱሳን ከጥር መጨረሻ ጀምሮ የሚካሄደው፣ በጥቅምት ሙኒክ ላይ የሚካሄደው፣ በሰኔ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በሳንት ማሪ ኦ ሚን የሚካሄደው ስመ ጥሮች ናቸው። እዚያ ስትገቡ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚስበው ከስፔን ናቫሁን የመጣው ፓይራይት ነው። ተፈጥሮ በማስመሪያ የሠራችው የሚመስል፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ ኩብ ነው። ዋጋውም እንደ መልኩ ነው። እሱን ለመደርደሪያ ተዉት። ጠረጴዛው ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ በኪሎ የሚሸጠውን ጠይቁ። ከፔሩ የሚመጣው ድፍን ያለ ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። መልኩ የማያምር፣ የተሰበረ፣ ግን ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ለእኛ ሥራ እሱ ነው።

ከአሜሪካ ኢሊኖይ የሚመጣውን ፀሐይ የሚመስል ክብ ፓይራይት አትግዙ። ያምራል፤ ነገር ግን እንደ ሳንቲም ስስ ነውና መንጋጋው ሲጨብጠው ይሰበራል።

ራሳችሁ መፈለግ ከፈለጋችሁ ደግሞ ምልክቱ ዝገት ነው። ፓይራይት አየርና ውኃ ሲያገኝ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አሲድና ቀይ ቡናማ የብረት ዝገት ይወጣዋል። ደቡብ ስፔን ያለው ሪዮ ቲንቶ ወንዝ ቀይ ሆኖ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። በድሮ የማዕድን ጉድጓድ አካባቢ ብርቱካናማ ውኃ የሚያንጠባጥብ የድንጋይ ክምር ካያችሁ፣ ውስጡ ፓይራይት መኖሩ አይቀርም። በስስ ንጣፍ የሚፈለጠው የስሌት (slate) ድንጋይና የድንጋይ ከሰል ማውጫ አካባቢዎችም ጥሩ ናቸው። ላይ ላዩን ያለው ግን ዝናብ የጠጣ ስለሆነ አይረባም። ትልቁን ድንጋይ ፈልጣችሁ ውስጡን እዩ። የባለቤቱን ፈቃድ ሳትይዙ ክምር ላይ አትውጡ። አሮጌ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ፤ ቀልድ የለውም።

አገር ቤት ያላችሁ፣ ፓይራይት የወርቅ ጎረቤት ነው። ለገደንቢን በመሰሉ የወርቅ ቦታዎች ወርቁን ከያዘው ድንጋይ ጋር አብሮ አለ። ደቃቅ ፍሬ ሆኖ የተበተነው ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቢያንስ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ድፍን አካል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ትክክለኛው መሆኑን መለየት

እጃችሁ ላይ አንሱት። ፓይራይት ከተራ ድንጋይ እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ክብደት አለው። ቀለል ካላችሁ ውስጡ ሌላ ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው።

በቢላ ጫፍ ጫሩት። ጥሩ ፓይራይት ቢላ አይበግረውም። ቢላው ጎድጎድ ያለ መስመር ካወጣበት ካልኮፓይራይት ሊሆን ይችላል። እሱ መዳብ ያለበት ዘመዱ ነው፤ ቢጫነቱ ደመቅ ይላል፣ ግን ለስላሳ ነው። ባልተቀባ ሸክላ ላይ፣ ለምሳሌ በሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ፣ ፈተግ አድርጉት። የሚተወው መስመር አረንጓዴ ቀመስ ጥቁር መሆን አለበት። ቢጫ መስመር ካያችሁማ ጠመንጃውን ተዉትና ወርቅ ቤት ሂዱ።

ከዚያ ማርካሳይት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ይህ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። ማርካሳይት ከፓይራይት ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር አለው፣ የውስጥ አደራደሩ ግን ሌላ ነው። መልኩ ነጣ ይላል። ሲሰበር ብዙ ጊዜ ከመሃል ወደ ዳር የሚበተን ጨረር የመሰለ መስመር ይታይበታል። በእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ፣ በኬንት ነጭ ገደሎች ሥር የሚለቀመው ድቡልቡል ድንጋይ እንዲህ ያለው ነው። ብልጭታ ይሰጣል፣ አልዋሽም፤ ጥሩ ብልጭታ ነው። ነገር ግን አይከርምም። ሳጥን ውስጥ ትታችሁት ስትመለሱ ነጭ ዱቄት ለብሶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ወረቀቱን በአሲድ አቃጥሎ ታገኙታላችሁ። አንድ ቀን ለመሞከር ይሆናል። መሣሪያ ላይ ሰክቶ ለማቆየት አይሆንም።

ቀጥሎ ስንጥቅ መፈለግ ነው። ይህን ፈተና ማንም አይዘልለውም ብዬ ብመኝም ብዙ ሰው ይዘልለዋል። ድንጋዩን አልኮል ውስጥ ነክራችሁ አውጡት፤ ብርሃን ሥር ይዛችሁ ሲደርቅ ተመልከቱ። ፊቱ ቶሎ ይደርቃል። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ግን ፈሳሹን ስለያዘ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይቆያል። መስመሩ የት እንደሆነ በማርከር ምልክት አድርጉ። ስትቆርጡ በዚያ መስመር ላይ ታልፋላችሁ እንጂ ስንጥቁን በቁራጩ መሃል ይዛችሁት አትሄዱም። ድንጋዩ ሁሉ መስመር በመስመር ከሆነ መልሱት።

በመጨረሻ በአሮጌ ሞረድ ጠርዝ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ምቱት። ብርቱካናማ ብልጭታና የድኝ ሽታ ከመጣ ሠርቷል። በዚያች ቅጽበት አካባቢያችሁ ባሩድ እንዳይኖር ብዬ መናገር የሚገባኝ አይመስለኝም፤ ግን ተናግሬያለሁ።

ሦስተኛ፦ መቁረጥ

መዶሻና መሮ የሚያነሳ ሰው አይቻለሁ። ፓይራይት ተሰባሪ ነው፤ እንደ እንጨት የሚከተለው መስመር የለውም። ስትመቱት ወዳሻው አቅጣጫ ይፈረካከሳል፤ ያልተፈረካከሰውም ውስጥ አዲስ ስንጥቅ ይገባል። መዶሻ የሚፈቀደው ትልቁን ክምችት ለመፈልፈል ብቻ ነው።

የሚሠራው የአልማዝ ዲስክና ውኃ ነው። የሴራሚክ ንጣፍ የሚቆርጡበት ውኃ ያለው ትንሽ መጋዝ ይበቃል። ደረቁን በግራይንደር እንዳትቆርጡት። ደረቅ ፓይራይት ሲግል የሚያንቅ የድኝ ጋዝ ይወጣዋል፣ ትቢያውም ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ አንዳንዱ ድንጋይ ደግሞ አርሰኒክ አለበት። ውኃው ሦስቱንም ይገታል። በውኃም ቢሆን ማስክ፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ። የቡና ረከቦት ባለበት ክፍል የሚሠራ ሥራ አይደለም።

መጠኑን ከራሳችሁ መሣሪያ ውሰዱ። የሰው ልክ አትዋሱ፤ ዊልሎክ በእጅ የተሠራ ዕቃ ነውና አንዱ ከሌላው አይገጥምም። በካሊፐር ሁለት ነገር ለኩ። አንዱ መንኮራኩሩ የሚወጣበት የሳህኑ ክፍተት ስፋት ነው። ሌላው የመንጋጋው ውስጣዊ ጥልቀትና ስፋት። የድንጋዩ ጫፍ ከክፍተቱ በትንሹ መጥበብ አለበት፤ የሳህኑን ግድግዳ ከነካ መንኮራኩሩን በሙሉ ኃይል አይጫንም። ከመንጋጋው ውጪ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ያህል ብቅ ካለ ለመጀመሪያው ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ የመሰበር ዕድሉ ይጨምራል።

መጀመሪያ በመንጋጋው የሚጨበጡትን ሁለት ፊቶች ቁረጡ። እነዚህ ሁለቱ ጠፍጣፋና ትይዩ መሆን አለባቸው። ሌላው ቢያዘነብል ችግር የለም። እነዚህ ካዘነበሉ ግን መንጋጋው ድንጋዩን በአንድ ነጥብ ብቻ ይነክሰዋል፤ ያን ጊዜ ቡሎኑን ስታጠብቁ ጠሽ ይላል፣ አለቀ። ከዚያ ጎኖቹን ቁረጡ። የሚፋቀውን ጫፍ ለመጨረሻ አቆዩት። ማዕዘኖቹን ሁሉ በአልማዝ ሞረድ ለስለስ አድርጉ፤ ስለታም ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግን አያስፈልግም። በኋላ የምንጠቀልልበት ቆዳ የሚይዘው ሻካራ ፊት ነው።

ስትጨርሱ ድንጋዩን በንጹሕ ውኃ፣ ቀጥሎ በአልኮል እጠቡና አድርቁ። መጋዙንም ወዲያው እጠቡት፤ የቆረጣችሁበት ውኃ አሲድ ስላለው ብረት ያዝጋል። ጭቃውን ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁበት አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ሰብስባችሁ ጣሉት እንጂ ጓሮ ያለው አትክልት ላይ አትድፉት።

አራተኛ፦ መንጋጋው ውስጥ ማሰር

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። መጎሰሚያውን ዘንግ እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ በውጪ በኩል አስተያዩ። ዘንጉ እስከ መለኮሻው ቀዳዳ ካልደረሰ ውስጡ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ መሣሪያ ሳይታሰብ በመተኮስ የታወቀው ገና ከመነሻው ነው። በ1515 ኮንስታንስ ከተማ ውስጥ አንድ የአውግስቡርግ ወጣት በእንዲህ ያለ ሽጉጥ ሲጫወት አንዲት ሴት አቁስሏል፤ ካሣም ተፈርዶበታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን በኦስትሪያ ግዛቶቹ ይህን ዓይነት መሣሪያ ከለከለ። ተወጥሮ ካባ ሥር መደበቅ የሚችል የመጀመሪያው ጠመንጃ ነበርና ባለ ሥልጣናቱ ቢፈሩት አይፈረድባቸውም።

ድንጋዩን በቀጭን ቆዳ ጠቅልሉት። አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ያልተቀባ ቆዳ ጥሩ ነው። ስስ የእርሳስ ቅጠልም ይሠራል፤ ጫናውን እኩል ያካፍላል፣ ግን ክንዱን ያከብደዋል። እኔ ቆዳ እመርጣለሁ። ቆዳው ከድንጋዩ ጫፍ ወደ ኋላ ይቅር፤ ወደ ፊት ከወጣ ባሩድ ውስጥ ገብቶ ይጨሳል። ቡሎኑን በእጃችሁ አጥብቁ፣ ድንጋዩን በጣት ነቅንቁ፣ ትንሽ ጨምሩ። ከተነቃነቀ ጨምሩ፤ ካልተነቃነቀ እዚያው ቁሙ። አሥር ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ቆዳው ስለሚጨመቅ እንደገና መፈተሽ ይኖርባችኋል።

አምስተኛ፦ ጫፉን ከመንኮራኩሩ ጋር ማዋደድ

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ ክብ የሆነውን መንኮራኩር በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ይነካዋል፤ ብልጭታው ያንኑ ያህል ትንሽ ነው። የምንፈልገው ጫፉ የመንኮራኩሩን ክበብ ተከትሎ በጥቂቱ ሰርጎድ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር እንዲተኛበት ነው።

የመንኮራኩሩን ጠርዝ በሻማ ጥላሸት አጥቁሩት። መንኮራኩሩ ሳይወጠር፣ ክንዱን ቀስ ብላችሁ አውርዱና ድንጋዩን አስነኩት። መልሱትና ጫፉን እዩ። ጥላሸቱ የያዘበት ቦታ ከፍ ያለው ነው። እሱን ብቻ በአልማዝ ሞረድ፣ በውኃ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቁት። እንደገና አስነኩ። መጀመሪያ ጥቁሩ ነጥብ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ይረዝማል። ከዚያ ሁለት ቦታ ይሆናል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ጥቁሩ አብዛኛውን ጫፍ ሲሸፍን ተዉት። መቶ በመቶ ማድረስ አያስፈልግም። ቀሪውን መንኮራኩሩ በጥቂት ሽክርክሪት ራሱ ይጨርሰዋል።

አንግሉንም ተመልከቱ። ድንጋዩ መንኮራኩሩ ላይ ተጭኖ መንሸራተት አለበት። ሹል ጫፉ ከሚሽከረከረው ጠርዝ ጋር ፊት ለፊት ከተጋጠመ ቦረቦሩ ውስጥ ይሰነቀራል፤ መንኮራኩሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዲህ ከሆነ ምላጩን ደጋግማችሁ አትሳቡ። ክንዱን አንሱ፣ መንኮራኩሩን በቁልፉ ያዙ፣ ድንጋዩን አውጡና ሹሉን ጫፍ አጥፉለት።

ስድስተኛ፦ ሙከራ

የመንኮራኩሩን ጠርዝ በአልኮል ጥረጉ፤ ዘይት የነካው ጠርዝ ይንሸራተታል እንጂ አይፍቅም። ዘይት የሚገባው የመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ ብቻ ነው። ባሩድ በሌለበት፣ ጨለም ባለ ክፍል፣ ወጥሩና ምላጩን ሳቡ። ክንዱ መውረዱን አትርሱ።

የምትጠብቁት ጠብታ ጠብታ ሳይሆን ሳህኑን የሚሞላ ብርቱካናማ ፍንጥቅታ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ድንጋዩ አዘንብሏል። ብልጭታው ደካማ ከሆነና ድንጋዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ለስላሳ መስመር ካያችሁ፣ ጫፉ ደንዝዟል፤ በሞረድ ሻካራ አድርጉት። ድንጋዩ ጤነኛ ሆኖ ብልጭታው አሁንም ካነሰ፣ ያን ጊዜ የክንዱን ሞላ መጠርጠር ይቻላል። ድንጋዩን በደንብ የማይጫን ክንድ ምንም አይፈይድም።

ከተኩስ በኋላ

የባሩድ ጥቀርሻ ቦረቦሩን ይደፍነዋል። በናስ ብሩሽና በጥቂት ውኃ አጽዱ፣ አድርቁ። መንኮራኩሩን ተወጥሮ አትተዉት፤ ለሞላውም ለሰውም ጥሩ አይደለም። ድንጋዩን መንጋጋው ውስጥ አታሳድሩ። እርጥበትና የድኝ ቅሪት ተጋግዘው ብረቱን ያዝጉታል፤ ቆዳውም አሲዱን ይጠጣና ያባብሰዋል።

ድንጋዮቹን አጥባችሁና አድርቃችሁ፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምራችሁ አስቀምጡ። ነጭ ዱቄት የታየበትን ወዲያው ለዩት፤ የሚወጣው አሲድ ሌላውንም ያበላሻል። ወደ ተኩስ ሜዳ ስትሄዱ የተዋደደ መለዋወጫ ሁለት ሦስት ያዙ፤ እያንዳንዱን ከነቆዳው ጠቅልላችሁ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሚሆን በማርከር ጻፉበት። አጥሮ ከመንጋጋው መውጣት ያቃተውን ድንጋይ ከኋላው ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ደግፋችሁ ለጥቂት ተኩስ ማስረዘም ይቻላል።